ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት

(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍል ኃላፊዎችና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር። ለኅትመት እንዲመች በመጠኑ ታርሟል።)





እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ለገቢ ማስገኛ ሥራዎች የገንዘብ ምንጭ ማፈላለግ» የሚል ነበር። ሰፊ ርእስ ለተናጋሪ ይመቻል፤ አድማጭ ግን ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ነገር ያጣል። ስለዚህ በአዘጋጆቹ ፈቃድ ርእሱን አጥብቤዋለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። አንድ የእናቶች ማኅበር ለሆቴሎችና ለሠርግ አዳራሾች የሚያጥብ የላውንድሪ ሥራ ለመጀመር ሲነሣ፣ የማሽኑ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ዓይነት ውል እንደሚመጣና ዕዳው በምን እንደሚከፈል አብረን እንመለከታለን።

ይህን የመረጥሁት በየአጥቢያው ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል ተደጋግሞ የሚመጣ ስለ ሆነ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በከተሞቻችን ባል የሞተባት ወይም ከገጠር የተሰደደች እናት ሥራ ስትፈልግ ከምታገኘው ሁሉ የመጀመሪያው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ልብስ ማጠብ ነው። ካፒታል አይጠይቅም፤ ሳፋውም ሳሙናውም የባለቤቱ ነው፤ የእርሷ ሁለት እጆቿና ወገቧ ብቻ ናቸው። በረኪናው ጣቶቿን ያቆስላል፤ ቀዝቃዛው ውኃ በዕድሜ ወደ መገጣጠሚያዋ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ቅዳሴ ላይ እጇን ዘርግታ ስትጸልይ ካህኑ የሚያየው እጅ ያንን ሁሉ ይናገራል። እንግዲህ እንዲህ ያሉ እናቶች ተሰባስበው «ማሽን ይገዛልን» ብለው ሲመጡ የሰበካ ጉባኤ ልብ ቶሎ ይራራል። እኔ የምፈራው ልቡ ሲራራ እርሳሱ ሥራ ሲፈታ ነው።

አንድ የማውቀውን ታሪክ ላቅርብ፤ በውስጡ የእኔም ጥፋት አለበት።

በ2015 ዓ.ም. በአንድ የሐይቅ ዳር ከተማ ዘጠኝ እናቶች ተደራጅተው መቆጠብ ጀመሩ። ከአንድ አስመጪ የዋጋ ማቅረቢያ አምጥተው ነበር፤ 25 ኪሎ የሚያጥብ አንድ ማሽንና ተመጣጣኝ ማድረቂያ፣ ሁለቱ በአንድነት 1,500,000 ብር። የማሽን ኪራይ ድርጅቱ ከዋጋው 20 በመቶውን፣ ማለትም 300,000 ብር፣ ራሳቸው እንዲያዋጡ ጠየቃቸው። በዕቁብም በቁጠባም እየሰበሰቡ በ2016 ዓ.ም. የትንሣኤ ሰሞን ወደ 240,000 ብር አደረሱት። የጎደለውን 60,000 ብር ከሰበካ ጉባኤው ተበድረው ውሉን ቶሎ ለመፈራረም ፈልገው ምክር ጠየቁኝ። «መዋጮ በብድር አይሞላም፤ ትንሽ ታገሡ» አልኋቸው። ምክሩ በመጽሐፍ ደንብ ትክክል ነበር። ታገሡ፤ ሐምሌ ላይ 300,000 ብሩ ሞላ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አስመጪው አዲስ ዋጋ ሲያቀርብ እነዚያው ሁለት ማሽኖች 3,000,000 ብር ሆኑ። ለሃያ በመቶ የተሰበሰበው ገንዘብ ዐሥር በመቶ ሆኖ ተገኘ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ የሆኑት አሮጊት እናት ወረቀቱን ሲያነቡላቸው ሰምተው፣ «ልጄ፣ ለካ እኛ የቆጠብነው ብር ነው፤ ማሽኑ ግን ዶላር ኖሯል» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥፋቴ ታገሡ ማለቴ ብቻ አልነበረም። ዘጠኙ እናቶች 25 ኪሎ የሚያጥብ ማሽን በእርግጥ ያስፈልጋቸው እንደ ሆነ አንድም ቀን አልጠየቅሁም ነበር። የማሽኑን መጠን የወሰነው የአስመጪው ወረቀት ነው። እኛ የተጨነቅነው ስለ ገንዘቡ ነበር፤ ምን ያህል ልብስ በሳምንት እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ በመካከላችን አልነበረም።

አሁን ወደ ገንዘቡ መንገዶች ልለፍ። ብዙዎቻችን የምናውቀው የባንክ ብድርን ነው፤ ባንክ ደግሞ ቤት ወይም ሕንፃ በመያዣነት ይጠይቃል። እነዚህ እናቶች ያ የላቸውም። ሁለተኛው መንገድ በሕግ «የካፒታል ዕቃ ኪራይ» የሚባለው ነው። አዋጅ ቁጥር 103/1990 መሠረቱን የጣለ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 807/2005 ተሻሽሏል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ማኅበሩ የሚፈልገውን ማሽንና አቅራቢውን ይመርጣል፤ አከራዩ ድርጅት ማሽኑን ይገዛል፤ ማኅበሩ ማሽኑን እየተጠቀመ በየወሩ ይከፍላል። ማሽኑ ራሱ የአከራዩ ንብረት ስለ ሆነ ሌላ መያዣ ማቅረብ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ለድኻ ማኅበር የተከፈተ በር ነው ማለት ይቻላል።

ሆኖም በሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሲፈርሙ ልዩነቱን ልብ የማይሉ ብዙዎች አይቻለሁ። በፋይናንስ ኪራይ ውል ማሽኑ በኪራዩ ዘመን ሁሉ ሙሉ በሙሉ የአከራዩ ሆኖ ይቆያል፤ ተከራዩ በመጨረሻ የመግዛት ምርጫ ሊሰጠው ይችላል። በዱቤ ግዥ ውል ግን በእያንዳንዱ ክፍያ ልክ የባለቤትነት ድርሻው ወደ ተከራዩ እየተላለፈ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም ማሽኑ የተከራዩ ይሆናል። ሁለት ዓመት ከፍሎ በሦስተኛው ዓመት የተቸገረ ማኅበር በአንደኛው ውል እና በሁለተኛው ውል የሚያገኘው መብት አንድ አይደለም። ስለዚህ ውሉ ሲመጣ ኮሚቴው አስቀድሞ ማንበብ ያለበት «ክፍያ ቢቋረጥ» የሚለውን አንቀጽ ነው፤ የወለዱን መጠን ከዚያ በኋላ ያንብብ።

የኢትዮጵያ ልማት ባንክም ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በዚህ መንገድ ማሽን ያቀርባል። በየክልሉ ለአነስተኛ አንቀሳቃሾች የተቋቋሙ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶችም አሉ። የልብስ ንጽሕና አገልግሎት በሚደግፏቸው ዘርፎች ውስጥ መካተቱን ግን አንድም ሰነድ ከማዘጋጀት በፊት ሄዶ መጠየቅ ይገባል። ስድስት ወር ሲመላለሱ ቆይተው «ዘርፋችሁ አይደለም» የተባሉ ማኅበራት አጋጥመውኛል።

ሦስተኛው መንገድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የሚያበድረው በአባሉ ቁጠባ ልክ ስለ ሆነ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አበዳሪውና ተበዳሪው ይተዋወቃሉ፤ ወለዱም ተመልሶ ለአባላቱ ነው። አራተኛው ዕቁብ ነው። ዕቁብን የማነሣው ለክብሩ ያህል አይደለም፤ ለመዋጮና ለሥራ ማስኬጃ የሚሆን ገንዘብ ያለ ወለድ የሚያስገኝ መንገድ ስለ ሆነ ነው።

ስለ ወለድ አንድ ስሌት ላሳያችሁ፤ እርሳስ ያላችሁ ብትከተሉኝ ደስ ይለኛል። የማሽኖቹ ዋጋ 3,000,000 ብር ነው እንበል። ሃያ በመቶው 600,000 ብር ከማኅበሩ ይወጣል፤ የቀረው 2,400,000 ብር በአራት ዓመት ይከፈላል። ለስሌት ያህል ወለዱን በዓመት 15 በመቶ እናድርገው። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ የወር ክፍያው ወደ 66,800 ብር ይመጣል። በአራት ዓመት የሚከፈለው ወለድ 806,000 ብር ገደማ ነው። ወለዱ በመነሻው ብድር ላይ የሚታሰብ ከሆነ ግን፣ ዕዳው ቢቀንስም ባይቀንስም በየዓመቱ 360,000 ብር ይጠየቃል፤ በአራት ዓመት 1,440,000 ብር ይሆናል። የወር ክፍያውም 80,000 ብር ነው። በሁለቱም ወረቀት ላይ የተጻፈው «15 በመቶ» ነው፤ በኪስ ያለው ልዩነት ግን ከ630,000 ብር በላይ ነው። አበዳሪውን «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ መመለስ ስለዚህ በቂ አይደለም። «በቀሪው ላይ ነው ወይስ በመነሻው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የየወሩን የክፍያ ሠንጠረዥም በጽሑፍ ይስጣችሁ።

አሁን ደግሞ ከብር ወደ ኪሎ እንሻገር፤ የላውንድሪ ሥራ የሚኖረውም የሚሞተውም በኪሎ ነውና።

«25 ኪሎ» ማለት በደረቅ ልብስ ክብደት ነው። ማሽኑ እስከ አፉ ከተሞላ ግን ልብሱ አይገላበጥም፤ ቆሻሻውም አይለቅም፤ ስለዚህ በአንድ ዙር 20 ኪሎ ብንይዝ ይሻላል። አንድ ዙር መጫንና ማውጣቱን ጨምሮ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በቀን ሰባት ዙር 140 ኪሎ፣ በወር 26 ቀን 3,640 ኪሎ ይሆናል። ይህ መብራትና ውኃ ሳይጠፋ፣ ልብስም ሳይጎድል ነው።

ለምሳሌ ያህል ከሆቴሉ በኪሎ 60 ብር ይገኛል፤ ለመብራት፣ ለውኃ፣ ለሳሙናና ለመጓጓዣ 20 ብር ይወጣል እንበል። በኪሎ 40 ብር ይተርፋል። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ 15,000፣ የአራት ሠራተኞች ደመወዝ 24,000፣ ለጥገና የሚቀመጥ 8,000፣ የማሽኑ ክፍያ 66,800 ብር ይውጣ፤ ድምሩ 113,800 ብር ነው። ለአርባ ስናካፍለው 2,845 ኪሎ ይሆናል። ማኅበሩ ያለ ትርፍም ያለ ኪሳራም ለመቆም ብቻ የማሽኑን አቅም 78 በመቶ በየወሩ መጠቀም አለበት ማለት ነው። ወለዱ በመነሻው ብድር ላይ የሚታሰብ ቢሆን ኖሮ 3,175 ኪሎ፣ የአቅሙን 87 በመቶ፣ ይጠይቅ ነበር። መብራት በሳምንት ሁለት ቀን በሚጠፋበት ሰፈር በቀን ሥራ ብቻ 87 በመቶ መድረስ አይቻልም። የማኅበሩ ዘጠኝ አባላት ሁሉ ደመወዝ እንዳልተቆረጠላቸውም ልብ በሉ፤ የተቆረጠው ለአራት ብቻ ነው። ማሽን የሰው ጉልበት ይቀንሳል፤ ለዚያ ነው የሚገዛው። ዘጠኝ እናቶችን ሥራ እናስይዛለን ብለን ተነሥተን አራቱን አስይዘን አምስቱን «አባል» ብለን በስም ብቻ እንዳንተዋቸው ይህም አስቀድሞ ይታሰብ። መተኮስ፣ ማጠፍ፣ መለየት፣ ማመላለስ፣ የተቀደደ መስፋት፣ ሁሉም የሰው እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ደመወዙ ከዚያው 40 ብር ነው የሚወጣው።

2,845 ኪሎ በቀን 109 ኪሎ ነው። እንግዳ ያደረበት አንድ የሆቴል ክፍል አንሶላው፣ የትራስ ልብሱና ፎጣው ሲደመር ሦስት ወይም አራት ኪሎ ያህል ይሆናል ብላችሁ አስቡ። ስለዚህ በየቀኑ ወደ 30 የሚጠጉ እንግዳ ያደረባቸው ክፍሎች ያስፈልጋሉ። በከተማችሁ ስንት ሆቴል አለ? የራሱ ማጠቢያ የሌለው ስንቱ ነው? እንግዳው የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው ወይስ በየቀኑ? ይህን ለመጠየቅ ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም፤ ሁለት ወጣቶች ደብተር ይዘው አንድ ሳምንት ቢዞሩ ይበቃል።

የዘመን አቆጣጠራችንም በዚህ ሥራ ላይ የራሱ ፍርድ አለው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ የጠረጴዛ ልብስና የወንበር ልብስ ይከመራል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ሠርግ የለም፤ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ሆቴሉም ይቀዘቅዛል። ከትንሣኤ በኋላ እንደገና ይሞቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐይ ስለሌለ በእጅ የሚያጥቡት ማድረቅ ያቅታቸዋል፤ ማድረቂያ ያለው ሁሉ ይፈለጋል። የብድር መኮንኑ ግን በየወሩ እኩል የሆነ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። የወር ክፍያው እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ እንዲል፣ ወይም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእፎይታ ጊዜ እንዲሆኑ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚጠየቀው ግን ከመፈረም በፊት ነው። የጾሙን አቆጣጠር ከእናንተ ከካህናት የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ፣ በድርድሩ ላይ አንድ ካህን ቢገኝ መልካም ነው። ይህን ስል እየቀለድሁ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ እንድታስታውሱልኝ የምፈልገው ግን አሁን የምናገረውን ነው። አከራይ ድርጅት ገንዘቡን የሚያወጣው ቢከፋ ነቅሎ ሊወስደው ለሚችለው ነገር ነው። ማሽን ይነቀላል። ሲሚንቶ አይነቀልም፤ በግድግዳ ውስጥ ያለፈ ሽቦ አይነቀልም፤ የፍሳሽ ቦይ አይነቀልም። ስለዚህ ለእነዚህ አበዳሪ አይገኝም። ማሽኑ ግን ያለ እነርሱ ብረት ብቻ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሞቅ 25 ኪሎ ማጠቢያና ማድረቂያ በአንድነት ሲሠሩ ከ40 ኪሎዋት በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ይህ የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ የሚሸከመው አይደለም። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ያስፈልጋል፤ በሰፈሩ ያለው ትራንስፎርመር ካልቻለ ደግሞ ሌላ ጥያቄና ሌላ ወረፋ አለ። ውኃውም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ልብስ ከ10 እስከ 20 ሊትር ብንገምት፣ 140 ኪሎ ልብስ በቀን ሁለት ሺህ ሊትር ያህል ይፈልጋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የሁለት ወይም የሦስት ቀን ማጠራቀሚያ ከሌለ በቦቴ የተገዛ ውኃ ያንን 40 ብር ይጠጣዋል። ማሽኑ በኃይል ሲጨምቅ የሚንቀጠቀጥ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ዓይነቶች በኮንክሪት መሠረት ላይ በብሎን መታሰር አለባቸው። በኖራ ድንጋይ አገር፣ ለምሳሌ በመቐለ አካባቢ እንዳለው ያለ ጨው የበዛበት ውኃ ሲሆን ደግሞ፣ ውኃ ማለስለሻ ከሌለ የማሞቂያው ብረት በድንጋይ ይሸፈናል።

ስለ ፍሳሹም አንድ ነገር ልበል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያም የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ በእንዶድ የማጥፋት ምርምር ተወለደ። እኛ ይህን የምናስታውሰው በኩራት ነው፤ ኩራቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ከሳፋ የሚደፋ የአንድ ቤት እጣቢ ወንዝ ላይ ያን ያህል ከሠራ፣ በቀን ሁለት ሺህ ሊትር በረኪናና ሳሙና ወደ ሐይቅ የሚለቅ ድርጅት ምን እንደሚሠራ አስቡት። የፍሳሽ ጕድጓድና ማጣሪያው በዕቅዱ ውስጥ ገንዘብ ተመድቦለት ይግባ።

ሥራ ማስኬጃ ገንዘብም ከማይነቀሉት ወገን ነው። ሆቴል ያጠበለትን ዛሬ አይከፍልም፤ በወሩ መጨረሻ ይከፍላል፤ አንዳንዱም በሁለተኛው ወር። መብራት ኃይል ግን አይጠብቅም፤ አከራዩም አይጠብቅም። የሁለት ወር ወጪ በእጁ ያልያዘ ማኅበር ሥራ ሞልቶለት ሳለ ሊከስር ይችላል፤ በሥራ ብዛት የከሰረ ማኅበር አይቻለሁ።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ካለው በማሽኑ ዋጋ ላይ አይጨምረው እላለሁ። ለማሽኑ አበዳሪ አለው። የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ወደ ውኃ ማጠራቀሚያው፣ ወደ ሦስት ፌዝ መስመሩ፣ ወደ መሠረቱና ወደ ፍሳሹ ቢሄድ ይሻላል። እነዚህ ማኅበሩ ቢፈርስ እንኳ በግቢው ውስጥ ቀርተው ለሌላ ሥራ ይሆናሉ። በዚህ ጉዳይ ከእኔ የተለየ አሳብ ያላቸው ባልደረቦች አሉ፤ «የቤተ ክርስቲያን ስጦታ በዓይን የሚታይ ነገር መሆን አለበት፤ ሰው በሲሚንቶ ፊት ቆሞ አያመሰግንም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሰው በሲሚንቶ ፊት ቆሞ አያመሰግንም። ማሽኑ የሚቆመው ግን በእርሱ ላይ ነው።

በስጦታ ስለሚመጣ ማሽን አጭር ቃል ላክል። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በመልካም ልብ ያገለገለ የላውንድሪ ማሽን በኮንቴይነር ይልካሉ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 50 ነው፤ ቮልቴጁም ይለያል። ማሽኑ ለሁለቱም የተሠራ ካልሆነ ከቀረጡና ከመጓጓዣው በኋላ ሌላ ወጪ ይጠብቃል። በአንድ አጥቢያ እንዲህ የመጣ ማሽን ከደጀ ሰላሙ ጀርባ ቆሞ የሻማ ካርቶን ማስቀመጫ ሆኖ አይቻለሁ። የላኩት ምእመናን በየዓመቱ «እንዴት ሆነ?» ይላሉ፤ አስተዳዳሪውም በየዓመቱ «ይመስገነው» ይላሉ። ከመላኩ በፊት የማሽኑ የስም ሰሌዳ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢታይ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

አሁን ወደ ዋስትና እመጣለሁ። አበዳሪዎች የቤተ ክርስቲያንን ስም ይወዱታል። «ሰበካ ጉባኤው ዋስ ይሁን» የሚል ጥያቄ ሲመጣ እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ የሚለምኑት የንስሐ ልጆቻችን ናቸውና። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ዋሱ የሚገባበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን እንዲገለጽ ያዛል። መጠኑ ያልተጻፈበትን ወረቀት አትፈርሙ። በአንድነትና በነጠላ ዋስ ሆናችሁ ከፈረማችሁ ደግሞ አበዳሪው ማኅበሩን አስቀድሞ ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ቦታና ሕንፃ የአንድ ዘመን ኮሚቴ ሀብት አይደለም፤ እኛ በሦስት ዓመት እንቀየራለን፤ ዕዳው አራት ዓመት ይቆያል። ማገዝ የምትፈልጉ ከሆነ የተወሰነ ገንዘብ፣ ለምሳሌ የሦስት ወር ክፍያ፣ በሀገረ ስብከቱ ዕውቅና በዝግ ሒሳብ አስቀምጡ፤ ዋስትናችሁ እዚያ ይጀምር፤ እዚያም ይለቅ።

ወደ ዘጠኙ እናቶች ልመለስ። ዋጋው ከተወደደ በኋላ ለሁለት ወር ተስፋ ቆርጠው ተቀመጡ። ከዚያ ሰብሳቢዋ ደብተር አስይዘው ሁለት ልጆች በሆቴሎቹ ላከ​ቡ። የተገኘው ሥራ በቀን ከ60 ኪሎ የማይበልጥ ነበር። በ25 ኪሎ ማሽን ገብተውበት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ይወድቁ ነበር፤ ምናልባት ሐምሌ 22 ከእኔ ምክር አዳናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ነጋዴ መጋዘን የነበረ 15 ኪሎ የሚያጥብ፣ በኃይል የሚጨምቅ ማሽን በ650,000 ብር አገኙ። መጨመቁን አጥብቀን ጠይቀናል፤ ውኃን ጨምቆ ማውጣት በሙቀት ከማድረቅ እጅግ ይረክሳልና። 300,000 ብሩን ከቁጠባቸው፣ 350,000 ብሩን አባል ከነበሩበት የቁጠባና ብድር ማኅበር አደረጉት። ሰበካ ጉባኤው አንድ ክፍል፣ የውኃ ማጠራቀሚያና የመብራት መስመር ሰጠ፤ ዋስ አልሆነም።

ሁሉም የተቃና አልነበረም። ማድረቂያ ስላልነበራቸው በመጀመሪያው ክረምት አንሶላ በበረንዳ እየሰቀሉ አንዱን ሆቴል አጡ፤ ባለቤቱ ያልደረቀ አንሶላ ሁለት ጊዜ ተቀብሎ በሦስተኛው መለሰ። ሁለት እናቶች ገቢው ዘገየ ብለው ወጡ፤ ድርሻቸው ተቆጥሮ ተሰጣቸው፤ ያም ለሥራ ማስኬጃ የተያዘውን ገንዘብ አራቆተው። አንድ ወር ክፍያ አዘግይተው በሁለት ከፍለዋል። ሰባቱ ግን አሉ።

አሁን ማድረቂያውን በዱቤ ግዥ ውል ለመውሰድ ጠይቀዋል። ማጠቢያው ዕዳው እያለቀ ስለ ሆነ፣ በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚሰጥ የዋስትና መብት በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በመያዣነት ሊመዘገብ ይችላል፤ ስለዚህ የሰው ዋስ አልተጠየቁም። ዋጋ ማቅረቢያው የሚጸናው ለ30 ቀን ነው። ማሽኑ አገር ውስጥ ያለ ስለ ሆነ በዚህ ጊዜ ስለ ዶላሩ አልተጨነቅንም። ሰብሳቢዋ ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሉ ከሰኔ በፊት ይፈረም እንደ ሆነ። ያ የተመለሰው ሆቴል ሰው ልኮባቸዋል፤ ክረምቱን እርግጠኛ ከሆኑ አንሶላውን እንደገና እንደሚሰጣቸው ነግሯቸዋል።